ፎቶው ያላሳየውን ማን ያየዋል? ከፎቶ የብር ሳንቲም ደረጃ ስለማውጣት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በሳንቲም ሰብሳቢዎች ዘንድ በሰፊው እየተጋራ ያለ አንድ ጽሑፍ አለ። ለእኔም ከተለያዩ ሰዎች ደርሶኛል፤ አንዳንዶቹ "በቃ፣ ክርክሩ አለቀ" ብለው ነው የላኩልኝ። መልእክቱ ባጭሩ ይህ ነው፦ የቆየ የብር ሳንቲም ደረጃን (ምን ያህል ሳይበላና ሳይጎዳ እንደቆየ የሚናገረውን ቁጥር) ከፎቶ ብቻ በትክክል ማውጣት ይቻላል፣ ሳንቲሙን በእጅ ይዞ ማገላበጥ ጊዜው ያለፈበት ልማድ ነው። ጽሑፉ ጥሩ ተደርጎ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ነገሩን ከልባቸው እንደሚወዱት ያስታውቃል። ዋናው ድምዳሜ ግን ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስህተቱም ገንዘብ የሚያስከፍል ዓይነት ስለሆነ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

መጀመሪያ የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላጣምም ላስቀምጥ። አምስት ነገር ይላሉ። አንድ፣ የዛሬ ካሜራ ከሰው ዓይን የበለጠ ያያል፤ ስለዚህ ጥራት ያለው ፎቶ ሳንቲሙን ከመያዝ ይበልጣል። ሁለት፣ ሳንቲሙ ነጭና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ከእጅ እጅ ያልዞረ ነው፤ ጠቆር ያለ ወይም ቀለም ያመጣ ከሆነ ደግሞ ደረጃው ይወርዳል። ሦስት፣ ከፍ ከፍ ያሉት የምስሉ ክፍሎች ጠፍጣፋ ሆነው ከታዩ ሳንቲሙ ተበልቷል፤ የጠፍጣፋውን ስፋት አይቶ ቁጥሩን ማውጣት ይቻላል። አራት፣ ብዙ ሰው አንድ ፎቶ አይቶ ግምቱን ቢሰጥ አማካዩ እውነቱን ይመታል። አምስት፣ ባለሙያዎቹ ሳንቲሙን በእጃቸው ይዘውም ስለማይስማሙ፣ በእጅ ማየት ከፎቶ የሚሻልበት ምክንያት የለም። መጨረሻ ላይ ከ1 እስከ 70 ያሉትን ደረጃዎች በፎቶ ላይ ከሚታዩ ምልክቶች ጋር የሚያዛምድ ሰንጠረዥ አስቀምጠዋል።

መለኪያውን ለማያውቅ አንባቢ ሁለት ቃል ልበል። ከ1 እስከ 70 የሚሄደውን መለኪያ ያወጣው ዊልያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ ነው፣ በ1949 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ያወጣውም ለብር ሳይሆን ለድሮ የአሜሪካ የመዳብ ሳንቲሞች ነበር። ሐሳቡ የዋጋ ማስያ ነበር፤ 70 የተባለው ሳንቲም 1 ከተባለው 70 እጥፍ ያወጣል በሚል። የዋጋው ስሌት ከቀረ ቆይቷል፣ ቁጥሮቹ ግን ቀጠሉ። ዛሬ ከ20 እስከ 35 ያለው ቪኤፍ ይባላል፣ መጠነኛ መበላት ያለበት። 40 እና 45 ኤክስኤፍ ናቸው፣ በጥቂቱ የተበሉ። 50፣ 53፣ 55 እና 58 ደግሞ ኤዩ፣ ማለትም ትንሽ የመፈግፈግ ምልክት ብቻ ያለባቸው። ከ60 እስከ 70 ያሉት 11 ደረጃዎች በሙሉ ኤምኤስ ይባላሉ፤ ጨርሶ ከእጅ እጅ ያልዞሩ ናቸው።

የምስማማበትን ላስቀድም። በጣም የተበላን ሳንቲም ከፎቶ መመደብ ይቻላል። ሞርጋን ዶላር የሚባለው የድሮ የአሜሪካ የብር ሳንቲም ላይ ያለችው ሴት ፀጉሯ በሙሉ ልሙጥ ሆኖ ፊደሎቹ ብቻ በግልጽ ከቀሩ፣ ደረጃው 8 ይሁን 12 በተራ የስልክ ካሜራ ከተነሳ ፎቶም ቢሆን መናገር አያቅትም። በዝቅተኛ ደረጃዎች ላይ ጥያቄው "ከምስሉ ምን ያህሉ ቀረ?" የሚል ነው፤ ቅርጽን ካሜራ በደንብ ይይዛል። የተበሳ ሳንቲም፣ ትልቅ ጭረት፣ የዓመቱ ቁጥር፣ የማምረቻ ቤቱ ፊደል፣ ይህ ሁሉ በፎቶ ይታያል። አንዳንድ አስመሳይ ሳንቲሞችም ከትክክለኛው ፎቶ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጡ ይጋለጣሉ። ስለዚህ "ፎቶ ዋጋ የለውም" የሚል ክርክር ይዤ አልመጣሁም። የኔ ጥያቄ የፎቶ እውቀት የት ላይ ያልቃል የሚለው ነው።

አሁን ወደ ገደለው እንግባ። ካሜራው ከዓይን ይበልጣል ለሚለው መልሴ አጭር ነው። ፒክሰል ሲጨምር ዝርዝር ይጨምራል። ከፎቶው የጎደለው ግን የብርሃኑ እንቅስቃሴ ነው፣ ያንን ደግሞ የትኛውም የፒክሰል ብዛት አያመጣውም። ሰው ሳንቲም ሲመረምር አንድ ምስል አያይም። መብራት ሥር ይዞ ያዘነብለዋል፣ ያዞረዋል፣ ይመልሰዋል፤ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ብዙ ማዕዘን ያያል። ፎቶ ከእነዚያ ማዕዘኖች አንዱን መርጦ ሌሎቹን ይጥላል። ደግሞ የስልክ ካሜራ ያየውን እንዳለ አያስቀምጥም፤ ረባሽ ነጠብጣብ ለማጥፋት ያለሰልሳል፣ ጥርት ያለ ለማስመሰል የነገሮችን ዳር ያጎላል። ማለስለሱ ስስ ጭረቶችን ይውጣቸዋል፣ ማጉላቱ ተራውን ጭረት ገደል ያስመስለዋል። ሁለቱም አንድ ፎቶ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሁለተኛው፣ የማብለጭለጩ ነገር፣ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ነው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ሳንቲም ሲመታ ብሩ በከባድ ግፊት ከመሃል ወደ ጠርዝ ይፈስሳል። ፍሰቱ ላዩ ላይ እንደ ጨረር ከመሃል ወደ ውጭ የሚሄዱ ጥቃቅን መስመሮችን ይተዋል። ነጠላ ነጠላውን በዓይን አታዩአቸውም። ሳንቲሙን አንድ መብራት ሥር ስታዘነብሉት ግን ብርሃኑ በእነሱ ላይ ይሽከረከራል፤ ሰብሳቢዎች የጋሪ ጎማ የሚሉት ይህንን ነው። የአዲስ ሳንቲም እውነተኛ ጸዳል ማለት ይህ እንቅስቃሴ ነው። ከእጅ እጅ ሲዞር መጀመሪያ የሚጠፋውም እሱ ነው፤ ከፍ ባሉት ክፍሎች ላይ ጸዳሉ ይቋረጣል፣ ቀለማቸውም ትንሽ ይደበዝዛል። ኤዩ 58 ከኤምኤስ የሚለየው በዚህች መቋረጥ ነው። ሳንቲሙን ስታዘነብሉት ጸዳሉ የሴቲቱ ጉንጭ ላይ ደርሶ ከተሰበረ፣ ተፈግፍጓል። ሳይሰበር ካለፈ፣ አልተፈገፈገም። እንግዲህ ይህንን ከቆመ ምስል ላይ እንዴት ነው የምናነበው? ብርሃኑ ያላረፈበት ቦታ ጨለም ብሎ ይታያል፣ የተፈገፈገ ቦታም ጨለም ብሎ ይታያል። ፎቶው ላይ አንድ ናቸው።

ታዲያ ነጭና የሚያብለጨልጭ የብር ሳንቲም ስናይ ምን እንበል? ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ልንጠረጥር የሚገባን መጽዳቱን ነው። ብር ይጠቁራል፤ ተፈጥሮው ነው፣ አየር ላይ ካሉ የድኝ ውህዶች ጋር ተገናኝቶ የብር ሰልፋይድ ይሠራል። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ሳንቲም ነጭ ሆኖ ከተገኘ ወይ በጣም ጥሩ ተቀምጧል፣ ወይ አንድ ሰው አጽድቶታል። የመጀመሪያው አለ፣ አልክድም፤ የሞርጋን ዶላሮች በብዛት በከረጢት ታስረው በካዝና ስለኖሩ ነጭ እንደሆኑ የወጡ ብዙ ናቸው። ሁለተኛው ግን እጅግ የተለመደ ነው። ብር ማጽጃ ኬሚካል ውስጥ የተነከረ ሳንቲም ጥቁረቱን ሲያጣ ከላዩ ስስ የብር ንጣፍ አብሮ ይሄዳል፤ ደጋግሞ ከተነከረ እነዚያ የፍሰት መስመሮች ይሟሟሉ፣ ሳንቲሙ ነጭ ሆኖ ይቀራል ግን ሕይወት የለውም። በሶዳ ወይም በጥርስ ሳሙና የተፈተገው ደግሞ ፀጉር የሚያካክሉ ብዙ ጭረቶች ይቀሩበታል። እነዚህ ጭረቶች ብርሃኑ በአንድ አቅጣጫ ሲመጣ ቦግ ብለው ይታያሉ፣ በሌላው ጨርሰው ይጠፋሉ። በነጭ ጨርቅ ወይም ወረቀት ተጣርቶ በለሰለሰ ብርሃን የተነሳ ፎቶ ላይ ደግሞ ከናካቴው የሉም። የጽሑፉን መመሪያ የተከተለ ሰው የተፈተገውን ሳንቲም "64" ብሎ ሊገዛው ይችላል፣ ሳንቲሙ ግን ሙያተኛ ጋ ቢቀርብ ቁጥር እንኳን አይሰጠውም፤ "የጸዳ" ተብሎ ነው የሚመለሰው።

ስለ ጥቁረቱና ስለ ቀለሙ የተባለውም እንዲሁ ተገልብጧል። ስሱ የሰልፋይድ ሽፋን ውፍረቱ በናኖሜትር የሚለካ ነው፤ ብርሃን በላዩ ሲያልፍ እንደ ውፍረቱ መጀመሪያ ወርቃማ፣ ቀጥሎ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ሰማያዊ ቀለም ይሰጣል። ብዙ ሰብሳቢ ለዚህ ቀለም ተጨማሪ ይከፍላል። ሽፋኑ ሥር ጸዳሉ ካለ ደረጃው አይወርድም። ጸሐፊው ልክ የሚሆኑበት አንድ ሁኔታ አለ፦ ሽፋኑ ወፍሮ ጥቁር ከሆነና ገጹን መብላት ከጀመረ በእርግጥ ደረጃ ይቀንሳል። ነገር ግን ሥሩ ጸዳል አለ የለም የሚለውን ለማወቅ አሁንም ማዘንበል ነው ያለብን። ደግሞ ፎቶ ላይ ቀለም ማመን ያስቸግራል። ቢጫ አምፖል ነጩን ሳንቲም ወርቃማ ያደርገዋል፤ ማስተካከያውን ትንሽ ገፋ ካደረጉት ፈዛዛው ሰማያዊ የፒኮክ ላባ ይሆናል።

ሦስተኛው ነጥብ ግማሽ እውነት ስለሆነ ከሙሉ ስህተት ይልቅ ይሸውዳል። ሳንቲም ሲበላ ከፍ ያሉት ክፍሎች መጀመሪያ ጠፍጣፋ ይሆናሉ፣ ይህ ትክክል ነው። ግን ጠፍጣፋ የሆነ ሁሉ የተበላ አይደለም። ሲመታ ጀምሮ በደንብ ያልወጣ ምስል አለ። መምቻው (ምስሉ ተገልብጦ የተቀረጸበት ብረት) በቂ ኃይል ካላገኘ፣ ወይም ሁለቱ መምቻዎች የተራራቁ ከሆነ፣ ብሩ ወደ መምቻው ጥልቅ ክፍል ሳይደርስ ይቀራል፤ ያ ክፍል ሳንቲሙ ላይ ከፍ ብሎ መውጣት የነበረበት ነው። ሞርጋን ዶላር ላይ ይህ ከጆሮዋ በላይ ባለው ፀጉርና በጀርባው ባለው ንስር ደረት ላይ ይታያል። በ1881 ሳን ፍራንሲስኮ የተመቱት አብዛኛውን ጊዜ ጥርት ያሉ ናቸው። በ1892 ኒው ኦርሊንስ የተመቱት ደግሞ በደካማ አመታት የታወቁ ናቸው። እንግዲህ ከጆሮ በላይ ጠፍጣፋ ፀጉር ያላቸውን ሁለት ሳንቲሞች አስቡ፣ አንዱ የሳን ፍራንሲስኮ፣ ሌላው የኒው ኦርሊንስ። በጽሑፉ ሰንጠረዥ ሁለቱም አንድ ቁጥር ያገኛሉ። በእውነቱ ግን የመጀመሪያው ሳይበላ አልቀረም፣ ሁለተኛው ደግሞ ከማምረቻ ቤቱ እንደወጣ ያለ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የባሰ ምሳሌ ከፈለጋችሁ በ1921 የወጣውን፣ ፒስ ዶላር የተባለውን ሌላ የአሜሪካ የብር ሳንቲም ተመልከቱ። የዚያ ዓመት ምስል በጣም ጎላ ብሎ የተቀረጸ ስለነበር ብሩ መሃሉን መሙላት አቃተው፤ አዲሱ ሳንቲም ራሱ መሃሉ ላይ ፀጉሩ ደብዛዛ ሆኖ ይገኛል። በ1922 ቅርጹን ዝቅ አድርገው ችግሩን አቃለሉት። ጠፍጣፋውን እየለካ ቁጥር የሚያወጣ ሰው ከእጅ እጅ ያልዞረውን የ1921 ሳንቲም ያለ ጥፋቱ ወደ ኤክስኤፍ ያወርደዋል።

ሁለቱን እንዴት እንለያቸው? የተበላ ቦታ ልሙጥና የደበዘዘ ነው። በደንብ ያልተመታ ቦታ ግን ጸዳሉ አለ፤ ብዙ ጊዜም ሳንቲሙ ከመመታቱ በፊት ጥሬው ብር ላይ የነበሩ ጥቃቅን ጉዳቶች ሳይጠፉ ይቀሩበታል፣ ምክንያቱም መምቻው ደርሶ አላለሰለሳቸውም። በጣም ጥሩ ፎቶ ላይ ይህ አንዳንዴ ይታያል። "አንዳንዴ" ላይ ግን የ62ና የ63 ልዩነት አይገነባም።

የብዙ ሰው አማካይ የሚለው አራተኛው ነጥብ ሲሰሙት ያምራል። ሎጂኩም ባዶ አይደለም፤ ሰዎች የተለያየ ስህተት ሲሠሩ አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ እያደረገ ይካካሳል። ይህ የሚሠራው ግን ስህተቶቹ የየራሳቸው ሲሆኑ ነው። እዚህ ሁሉም የሚያየው ያንኑ ፎቶ ነው። ፎቶው ጭረቱን ከደበቀ ከሁሉም ደበቀ። በአንድ የቁልፍ ቀዳዳ ተራ በተራ ያዩ መቶ ሰዎች መቶ ምስክር አይባሉም። አማካዩ የሚነግረን ሰዎች ስለ ፎቶው ምን እንደሚያስቡ ነው፣ ስለ ሳንቲሙ አይደለም። ደግሞ የመጀመሪያው ሰው "65!" ብሎ ከጻፈ በኋላ የሚመጣው ሰው 58 ለማለት ድፍረት ያስፈልገዋል። ይህንንም አንርሳው።

አምስተኛው የጽሑፉ ጠንካራ ነጥብ ነው፣ እውነት ለመናገር። ሙያተኞች ይለያያሉ። አንድ ሳንቲም ደረጃ ሰጪ ድርጅት ካሸገበት የፕላስቲክ ማቀፊያ ወጥቶ እንደገና ሲላክ አንድ ደረጃ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ መመለሱ የታወቀ ነገር ነው፤ ሰዎች ደረጃ ለማስጨመር ሆን ብለው የሚያደርጉት ነው። ይህን ጉድለት ጸሐፊው በማንሳታቸው አልከራከርም። ግን ከዚህ ተነስቶ "ስለዚህ ፎቶም እኩል ነው" ማለት አይከተልም። 63 ነው ወይስ 64 ብሎ መለያየት አንድ ነገር ነው። ከእጅ እጅ ያልዞረ ነው ወይስ የተፈተገ ብሎ መለያየት ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው የፍርድ ልዩነት ነው፤ ሁለተኛው መረጃ ሳይኖር መፍረድ ነው። ይህንን ድርጅቶቹም ያውቁታል። ፒሲጂኤስ በ1986፣ ኤንጂሲ በ1987 ሥራ ሲጀምሩ ጀምሮ ደረጃ የሚሰጡት ሳንቲሙን ተቀብለው፣ ከአንድ በላይ ሰው በእጁ ይዞ አይቶት ነው። በፎቶ ቢሠራማ የፖስታና የኢንሹራንስ ጣጣ ምን አመጣው! ለማነጻጸሪያ የሚቀመጡት ፎቶዎችም ቢሆኑ መጀመሪያ ሳንቲሙ በእጅ ታይቶ ደረጃ ከወጣለት በኋላ የተነሱ ናቸው። ፎቶው ቁጥሩን ተከትሎ መጣ እንጂ ቁጥሩ ከፎቶው አልወጣም።

ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካቸው ነገሮችም አሉ። የጎን ጠርዝ አንዱ ነው። ሁለቱን ገጾች ብቻ ያሳየ ፎቶ ጠርዙን አላሳየም፣ ብዙ ችግር ደግሞ የሚደበቀው እዚያ ነው፤ ብረት አቅልጦ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ በማፍሰስ የተሠራ አስመሳይ የመጋጠሚያ መስመሩ ጠርዙ ላይ ነው፣ ጌጥ ሆኖ የኖረ ሳንቲም የብየዳ ፍቅፋቂው ጠርዙ ላይ ነው። የማሪያ ትሬዛን ጠገራ ብር ውሰዱ። ብዙዎቹ በአንገት ላይ ስለተንጠለጠሉ ጠርዛቸውን ሳያዩ መግዛት አይመከርም፤ "ፍትሕና ምሕረት" የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍም ያለው እዚያው ጠርዙ ላይ ነው። ክብደትም አለ። ይህ ብር 28.07 ግራም ገደማ መሆን አለበት፣ ሞርጋን ዶላር ደግሞ 26.73 ግራም። ፎቶ አይመዝንም። ጠገራ ብሩ ሌላም ወጥመድ አለው፤ ንግሥቲቱ ካረፈችበት ከ1780 ወዲህ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች የተመቱት ሁሉ ያው 1780 ነው የሚሉት። ፎቶው ላይ "የ1780 ሳንቲም፣ እንዲህ አዲስ የሆነ!" ብሎ የሚገረም ሰው የሚያየው ከ1780 በጣም ዘግይቶ የተመታ ሊሆን ይችላል።

ፎቶ ሁልጊዜ ሳንቲሙን ያሳምራል እያልኩም አይደለም። ሲያስቀይም ብዙ ነው። 38 ሚሊሜትር የሆነ ሳንቲም የኮምፒውተር ስክሪን ላይ 25 ሴንቲሜትር ሆኖ ሲቀርብ ከ6 እጥፍ በላይ ጎልቷል፤ በእጅ ተይዞ የማይታይ ነጥብ ጉድጓድ መስሎ ይታያል። ሞርጋን ዶላሮች 1,000 እየሆኑ በከረጢት ሲጓጓዙ እርስ በርስ ተጋጭተዋል፣ የሴቲቱ ሰፊ ልሙጥ ጉንጭ ደግሞ ግጭቱን ሁሉ ያሳያል። ያንን ጉንጭ በስክሪን አጉልቶ ያየ ሰው 64 የሆነውን 60 ይለዋል። የፕላስቲክ ማቀፊያው ላይ ያለ ጭረትም የሳንቲሙ መስሎ ይቆጠራል። በጠፍጣፋ ስካነር የተነሳ ከሆነ ደግሞ ጸዳሉ በአብዛኛው ይሞታል፣ ሳንቲሙ የእርሳስ ብረት ይመስላል። ስለዚህ ስህተቱ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ነው፣ ወደ የትኛው እንደሆነም ፎቶው ራሱ አይነግረንም።

ሻጭ ያነሳው ፎቶ ሲሆን ግን አቅጣጫው ይታወቃል። ክፋት አያስፈልገውም። ሰው ዕቃውን ሲሸጥ ካነሳቸው ፎቶዎች መካከል የሚያምረውን ይመርጣል፤ እኔም እናንተም እንዲሁ እናደርጋለን። ብርሃኑ ጭረቱን ያሳየበት ፎቶ ተሰርዟል።

በፎቶ ብቻ መወሰን ግዴታ ከሆነ ቢያንስ የሚጠየቅ ነገር አለ። አንድ መብራት ሥር ሳንቲሙን ቀስ ብሎ የሚያዘነብል አጭር ቪዲዮ ከአሥር ቆንጆ ፎቶ ይበልጣል፤ የጋሪ ጎማው ይዞር አይዞር፣ የት ላይ እንደሚሰበር ይታያል። የጠርዝ ፎቶ፣ ሚዛን ላይ ያለ ፎቶ፣ ብርሃኑ ከተለያየ አቅጣጫ የመጣባቸው ሁለት ሦስት ፎቶዎች። ሻጩ ይህንን እምቢ ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል። ይህ ሁሉ ተሟልቶም መልሱ ነጠላ ቁጥር ሊሆን አይገባም። "ኤዩ ወይም ከዚያ በላይ፣ ካልጸዳ" ማለት ሐቀኛ ግምት ነው። "63" ማለት ግን አይደለም። እና የምትከፍሉት በግምቱ የታችኛው ጫፍ ይሁን።

ጸሐፊውን አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። ሰንጠረዡ እስከ 45 ድረስ ያለው ጠቃሚ ነው፣ ለጀማሪ ሳልሳቀቅ እሰጠዋለሁ፤ በተለይ የቪኤፍ ክፍሉን ከሌላ ቦታ በተሻለ አብራርተውታል። ከ50 ጀምሮ ያሉትን መስመሮች ግን ያውጧቸው፣ በቦታቸውም "ሳንቲሙን በእጅ ይዩት" ብለው ይጻፉ።